ከድልድዩ ሥር ያለው ክፍል

ዜናውን የነገረችኝ ልጄ ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። ስለዚህ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኾ ፎቶዋ ብቅ ሲል፣ ካውያውን አቁሜ ደረቴን ያዝኩ። እኔ ስልክ ከማንሣቴ በፊት ክፉውን ሁሉ አስቤ እጨርሳለሁ። «ሃሎ» እስክል ድረስ መኪና ገጭቷት፣ ሆስፒታል ገብታ፣ እኔም ሮጬ ደርሼ ዘበኛው በር ላይ ከልክሎኝ ነበር።

«እማ! ተመለሰች!»

«ማናት የተመለሰችው? አንቺ ደህና ነሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ! ባለገመዷ! ባለገመዷ ተመለሰች እኮ ነው የምልሽ!»

የምሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው። ከፊቴ አርባ ነጭ ሸሚዝ ተደርድሮ ይጠብቀኝ ነበር፤ የሆቴል አስተናጋጆች ሸሚዝ። ሁሉንም ረስቼ ያልታጠበው ልብስ ክምር ላይ ዘጭ አልኩ። አለቃዬ ቀና ብላ አየችኝና ደነገጠች።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ኧረ የሞተ ነው የተነሣው!» አልኳት።

ባለገመዷ የጌም ጀግና ናት። ወገቧ ላይ ገመድ፣ በገመዱ ጫፍ መንጠቆ አላት። ከፍርስራሽ ወደ ፍርስራሽ እየዘለለች፣ ግንብ እየወጣች፣ ከድንጋይ ዘበኞች ጋር እየተፋለመች የጠፋች እህቷን ትፈልጋለች። የሠሩት ሰዎች ሦስት ጌም አውጥተው ነበር፤ በሦስተኛው መጨረሻ እህቷን ሳታገኝ ዝም አሉ። አሥራ ስድስት ዓመት ዝም! ተጫዋቾቿ አገቡ፣ ወለዱ፣ ወፈሩ። እሷ ገደል ጫፍ ላይ እንደቆመች ቀረች።

አሁን ግን የመጀመሪያውን ጌም እንደ አዲስ ሊሠሩት ነው፤ ቀጥለውም አራተኛውን። ልጄ በስልክ ስትነግረኝ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ከኋላዋ አንድ ሰው «እህት፣ የሳል ሽሮፑስ?» ሲል ሰማሁ። «አንዴ!» አለችው። ልጄ በሽተኛን «አንዴ» ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠሪዎቹ ለተጫዋቾች አንድ ገጽ ከፈቱ። በአሮጌው ጌም ውስጥ አርባ ቦታዎች ነበሩ፤ በአዲሱ የሚገቡት ሠላሳው ናቸው። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ተጫዋቾች ይምረጡ አሉ። አንድ ሰው ለአንድ ቦታ አንድ ድምፅ፤ ድምፁ የሚቆጠረውም አስተያየት ከጻፉ ብቻ ነው። ገጹ የሚዘጋው በሚቀጥለው እሑድ፣ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።

«ድልድዩስ?» አልኳት ወዲያው።

ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሠላሳ ስምንተኛ ነው፣ እማ» አለችኝ።

ስለ ድልድዩ መናገር አለብኝ። ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ ከደረጃ ወድቃ ጭኗ ተሰበረ። ከወገቧ እስከ ተረከዟ ጀሶ አሰሩላት፤ ሦስት ወር በጀርባዋ ተኛች። የምትጫወት፣ የምትሮጥ ልጅ ጣሪያ እያየች ትውል ነበር። ያኔ ፀጉር መቁረጥ ይማር የነበረው ታናሽ ወንድሜ ጌም ማጫወቻውን አምጥቶ አልጋዋ ግርጌ ተከለላት። ተኝታ ጆይስቲክ መያዝ ግን ክንዷን አዛላት። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን። እሷ ታዛለች፣ እኔ እጫወታለሁ።

«ግራ! እማ ግራ! ዝለይ! ወርውሪ! ኧረ ወርውሪ!»

እኔ መች ቶሎ እወረውራለሁ። የትኛው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ሁሌ ይጠፋኛል፤ እሷ «ወርውሪ» ስትል አጎንብሼ አውራ ጣቴን እፈልጋለሁ። ባለገመዷ በእኔ እጅ የሞተችውን ሞት በጦርነት እንኳ ማንም አልሞተም።

አንድ ቀን ረጅም ድልድይ አገኘን። ድልድዩ መሐሉ ላይ ተቆርጧል፤ ከተቆረጠው ጫፍ ላይ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ቆሟል። ልጄ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እኔ ደግሞ ጨርሶ አልገባሁም። ሁለታችንም ሰሌዳውን አየነው።

«ምን ይላል፣ እማ?»

«‹እንኳን ደህና መጣሽ› ነው የሚለው» አልኳት። መግቢያ ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ሌላ ምን ይላል?

እንኳን ደህና መጣሽ ከተባለ መግባት ነው። ዘለልን። ወደቅን። እንደገና ዘለልን። ሁለት ቀን ሙሉ ወደቅን። ወንድሜ እየመጣ «እታለም፣ እዚያ ምንም የለም፣ ሁሉም ሰው ያውቃል» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «እንኳን ደህና መጣሽ ተብለን!» እላለሁ። በሁለተኛው ቀን ማብቂያ ላይ፣ ዘለን እየወደቅን ሳለ፣ የእኔ ጣት እንደ ልማዱ ዘግይቶ ወረወረ። መንጠቆው ከድልድዩ ሥር ካለ የብረት ቀለበት ገባ። ባለገመዷ ተወዛወዘች፣ ተወዛወዘችና አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ገባች።

ክፍሏ ውስጥ ጠላት የለም፤ የሚሰበሰብ ነገርም የለም። ፋኖስ፣ ከታች ወንዙ የሚታይባት መስኮት፣ አንድ በርጩማ። ጣቴን ከጆይስቲኩ ሳነሣ ባለገመዷ ሄዳ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። በጌሙ ሁሉ ስትቀመጥ ያየናት እዚያ ብቻ ነው። መቀመጥ የተከለከለችው ልጄ ጀሶዋን እንደታቀፈች ረጅም ሰዓት አየቻት። «ደክሟት ነበር» አለችኝ። በሚቀጥሉት ቀናትም «ወደ ክፍሏ እንሂድ» ትለኝና እዚያ እናርፍ ነበር።

ጀሶው ሲፈታ ወንድሜ ማጫወቻውን ወሰደ፤ የእኛን ጨዋታ አጥፍቶ የራሱን አስቀመጠበት። ክፍሏን በዓይኑ አላየም። ልጄ ትምህርት ቤት ገብታ ለጓደኞቿ ብትነግር «ውሸታም» አሏት። ስድስተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ቅጽል ስሟ «ባለክፍሏ» ነበር።

ያን ሰሞን በምሳ ሰዓት የማደርገው ሌላ ነገር አልነበረም። ከሥራ በኋላ ማንበብ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በጣቴ እየተከተልኩ የተጫዋቾቹን ገጽ አነባለሁ። ወይ ጉድ! ሰው ለካ እንዲህ ይወዳታል።

አንዱ «የድሮው ችግሯ ይመለስ!» ይላል። «የዛሬ ጌም ቀስት እያሳየ እንደ ሕፃን እጅ ይዞ ነው የሚወስድህ። ባለገመዷ ግን ገደል እየጣለች ነው ያሳደገችን።»

አንዷ «ፊቷን እንዳያሳምሩት፤ ጠባሳዋን ከነኩባት አልጫወትም» ትላለች። ከሥሯ አንዱ «ፊቷን መቼ አየሽው? ሃያ ዓመት ከኋላዋ ነን» ብሎ መልሶላታል።

ሌላው «የገመዷን ድምፅ አትንኩ፤ ያን ‹ሽው ቀጭ› ስሰማ እስከ ዛሬ ፀጉሬ ይቆማል» ሲል፣ ከሥሩ «ፀጉር አለህ ማለት ነው፤ እኛ ሁለተኛው ጌም ላይ ነጭተን ጨርሰናል» ይላል።

ብቻዬን እስቃለሁ። አለቃዬ «ዛሬም ሙታን ተነሡ?» ትለኛለች። ሸሚዝ እየተኮስኩ በልቤ ከሁሉም ጋር እከራከራለሁ፤ ጠባሳዋ እንዳይነካ የምትለው ሴት በጣም ትክክል ነበረች።

ሐሙስ ዕለት ስለ ድልድዩ የተባለውን አገኘሁ። ብረት ጣት የሚባል ተጫዋች ነበር፤ ጌሙን ሠላሳ አንድ ጊዜ የጨረሰ፣ ሁሉ የሚያከብረው። «ድልድዩ ይቅር» ብሏል። «ሄደህ፣ ሄደህ፣ መመለስ ነው። ምንም የለውም።» ከሥሩ ልጄ ጽፋለች። ክፍሏን፣ ፋኖሷን፣ በርጩማዋን ሁሉ ጽፋለች። ከእሷ ሥር ደግሞ ሳቅ።

«ሕልም ነው ያየሽው፣ እህቴ።»

«እኔም ከግንቡ ጀርባ አማቴን አግኝቻት ነበር።»

ብረት ጣትም «ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጫውቼ አላየሁም። ውሸት ለድልድዩ ድምፅ አያመጣም» ብሏል።

ይህቺን ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ ምናልባት አሳስቼ አንብቤ ይሆናል ብዬ። አልተሳሳትኩም። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የሰው መድኃኒት በአደራ ትይዛለች። ውሸታም!

የዚያን ዕለት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወንድሜ ፀጉር ቤት ሄድኩ።

«ማጫወቻህ አለ?»

«አለ፣ ከፎጣዎቹ በላይ መደርደሪያው ላይ። ምነው?»

«እሑድ እፈልገዋለሁ። ድልድዩ ላይ ልዘል ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል።»

መቀሱን አስቀመጠ። «እታለም፣ ‹አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም› ይባላል። የመላጣውን ነገር እኔ ነኝ የማውቀው፤ የአፉን ነገር አንቺ እወቂበት። ባትችይስ? በሰው ፊት?»

እሱን ማሰብ አልፈለግሁም፤ ግን ሌላ ነገር አላሰብኩም። ዓርብና ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ክፍሏን በእርግጥ አይተናል? ወይስ ልጄ ስትፈልገው እኔም አየሁ ብዬ ነው? ብወድቅ የምትዋረደው እሷ ናት። በአንድ ሰው ውሸታም መባልና በሺህ ሰው ፊት ውሸታም መሆን አንድ አይደለም።

እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወንድሜ ጀመረ። ድልድዩ ጋ ለመድረስ ከመነሻው መጫወት ነበረበት። እሱ ጎበዝ ነው፤ እኔ ብሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አልደርስም። እሑድ ደግሞ ደንበኛ የሚበዛበት ቀን ነው። አንድ ግንብ ይወጣና አንድ ፀጉር ይቆርጣል። ደንበኞቹ በመጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞሩ፤ ከዚያ «በቀኝ በኩል! ዘበኛው ከኋላህ ነው!» እያሉ መጮህ ጀመሩ። ተራው ደርሶ «ለሚቀጥለው ልቀቀው፤ እኔ ይህን ልየው» ያለ ሁሉ አለ።

ልጄ ስልኳን በመስታወቱ ፊት አቁማ ሁሉን በቀጥታ ታስተላልፍ ነበር። በመጀመሪያ አሥራ አንድ ሰው ነበር የሚያየን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሜ ድልድዩ ጋ ሲደርስ አራት መቶ ሆኑ። ከእነሱ አንዱ ብረት ጣት ነበር።

«በይ እንግዲህ» አለ ወንድሜ፤ ላብ ያራሰውን ጆይስቲክ ሰጠኝ።

ባለገመዷን ድልድዩ ላይ አስኬድኳት። ሰሌዳው ብቅ አለ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ያ ሰሌዳ ከፊቴ ቆመ፤ እኔም ሳላስበው አነበብኩት።

«መንገዱ እዚህ ያበቃል። ተመለሺ።»

«እንዴ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «‹እንኳን ደህና መጣሽ› አይልም እንዴ?»

ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ ፎጣውን አፋቸው ላይ ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ልጄ እንኳ ሳቋ አመለጣት። «እማ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እኮ ነው ያዘለልሽኝ!»

ዘለልኩ፤ ወደቅሁ። እንደገና፤ ወደቅሁ። በወደቅሁ ቁጥር ጌሙ ድልድዩ መጀመሪያ ላይ ይመልሰኛል፤ እንደገና ረጅሙን ድልድይ ማቋረጥ አለብኝ። ሰሌዳው በመጣ ቁጥር ደግሞ «ተመለሺ» ይለኛል፤ ማንበብ ካወቁ ወዲያ አለማንበብ አይቻልም። እግሬን ቀጥ የሚያደርግ ትእዛዝ ሆነብኝ። ፍርሃት ሲገባኝ ቶሎ እወረውራለሁ፤ መንጠቆው ባዶ አየር ይዞ ይመለሳል።

ወንድሜ ፂሙ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ አንድ ደንበኛ ነበረው። እኔ ስወድቅ አንድ ጊዜ ይላጨዋል፤ እኔ ስሄድ ምላጩን ይዞ ይቆማል። በሃያኛው ውድቀት የሰውዬው አንድ ጉንጭ ብቻ ነበር የተላጨው።

«እትዬ፣ አይቸኩሉ» አለኝ ሰውዬው። «እኔ ዛሬ ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

ብረት ጣት መጻፉን አላቆመም። ልጄ ልትደብቀኝ ብትሞክርም አነበብኩት። «ሠላሳ ሁለተኛ ውድቀት። እኔ እኮ ብያለሁ።» ቀጠለና ደግሞ «በዚህ አያያዝ ድልድዩ ራሱ ይደክመዋል» አለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሁለት ሺህ ሰው ያየናል። ድልድዩ ከሠላሳ ስምንተኛ ወደ ሠላሳ አምስተኛ ወጥቷል፤ ያም በሳቅ ነው፤ ለሳቁ ብለው ድምፅ የሰጡ ነበሩ። ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። ጆሮዋ ቀልቷል። ትንሽ ሳለች «ባለክፍሏ» ብለዋት ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንዲሁ ጆሮዋ ይቀላ ነበር።

«ይቅር፣ እማ» አለችኝ በቀስታ። «እኔና አንቺ ካወቅነው ይበቃል።»

አይበቃም። ለእኔ አይበቃም ነበር። ጆይስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ አሰብኩ። ያኔ ምን አደርግ ነበር? ሰሌዳውን አላነብም፤ ቴሌቪዥኑንም ያን ያህል አላይም ነበር። ጣቴን ነበር የማየው። እሷ «ወርውሪ» ስትል ነበር ቁልፉን መፈለግ የምጀምረው።

«ተኚ» አልኳት።

«ምን?»

«እዚያ ወንበር ላይ ተኚና እዘዢኝ። እንደዚያን ጊዜ።»

ወንድሜ ነገሩ ቶሎ ገባው። ሁለተኛውን የፀጉር ቤት ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አጋደመውና አንገቷ ሥር ፎጣ ጠቀለለላት። ሃያ አራት ዓመት የሞላት ፋርማሲስት፣ በሁለት ሺህ ሰው ፊት፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በጀርባዋ ተኛች። አንዱ ደንበኛ «ኸረ ልጅቷን ላጩልን» ቢል፣ ሽማግሌው «ዝም በል!» አሉት።

እኔ አጎነበስኩ። ከጣቶቼ በቀር ምንም አላይም።

«ቀጥታ ሂጂ፣ እማ» አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ አፍሮ ነበር። «ቀጥታ... ቀጥታ... ድንጋዩን ዝለይው። ጎበዝ። ሩጪ አሁን! ሩጪ!»

እሮጣለሁ። የፀጉር መቁረጫው ማሽን ድምፅ ጠፋ።

«ዝለይ!»

ዘለልኩ።

«ወርውሪ! ወርውሪ! ኧረ እማ ወርውሪ!»

የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። አውራ ጣቴ ቁልፉን ፈለገ፤ ክቡ ነው? አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ነው። ተጫንኩ።

ሽው። ቀጭ።

ቀና አላልኩም፤ ፈራሁ። የቧንቧው ጠብታ ይሰማል። በቃ ወደቅሁ፣ ሠላሳ ዘጠነኛ ብዬ ልቆጥር ስል፣ ሽማግሌው «ወይ አምላኬ፣ ክፍል ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መናገር አልችልም። ወንድሜ ምላጩን ወርውሮ (መልካም ዕድል ሆኖ ማንንም አልነካም) ጭንቅላቱን ይዞ ይጮኻል። «አለ! አሥራ ስምንት ዓመት! አለ እኮ!» ሰዎች ወንበር ላይ ቆሙ። በሩ ላይ የሚያልፉ ሰዎች እግር ኳስ መስሏቸው «ማን አገባ?» እያሉ ገቡ። ልጄ ከወንበሩ ዘላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በትከሻዋ በኩል ቴሌቪዥኑን አየሁት። ፋኖሷ፣ መስኮቷ፣ ወንዙ። ማንም ስላልነካት ባለገመዷ ሄዳ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

የስልኩ ገጽ እንደ ጎርፍ ይፈስሳል፤ አንብቤ አልደረስኩበትም። አንዷን ብቻ ያዝኳት። የብረት ጣት ናት። «ሠላሳ አንድ ጊዜ በላይዋ አልፌአለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ! እህቴ፣ ይቅርታ።»

«ድምፅ! ድምፅ!» ብሎ ወንድሜ ጮኸ። «ሰዓቱ!»

ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ድልድዩ ሠላሳ ሦስተኛ ሆኗል። ደንበኞቹ ሁሉ ስልካቸውን አወጡ። በሕይወታቸው ጌም ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች እየተመዘገቡ አስተያየት ይጽፋሉ። ግማሽ ፂሙ የቀረው ሰውዬ አረፋው ስልኩ ላይ እየተንጠባጠበ «‹ሰው ማረፊያ ያስፈልገዋል› ብዬ ጽፌአለሁ፤ ይሆናል?» አለኝ። ሽማግሌው መነጽር ስላልያዙ ወንድሜ ጻፈላቸው። ሠላሳ ሁለተኛ። ሠላሳ አንደኛ። እዚያ ቆመ። ወደ ሠላሳኛው ለመግባት አንድ ስንዝር ይቀረናል፤ እዚያ ያለው ሌላ ቦታ፣ የንፋስ ወፍጮውም ደጋፊ አለው፤ እነሱም ይጽፋሉ።

«አንቺስ ሰጥተሻል?» አለችኝ ልጄ።

አልሰጠሁም ነበር። ያለ አስተያየት አይቆጠርም።

«ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍልሽ። ስምንት ደቂቃ ነው ያለን።»

«እኔ እጽፋለሁ» አልኳት።

«እማ፣ ስምንት ደቂቃ!»

«እጽፋለሁ አልኩ።»

ፊደል በፊደል ጻፍኩ። ሰው ሁሉ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ አንገቴ ላይ ይሰማኛል። አንዱ ሊረዳኝ ጣቱን ሲዘረጋ ወንድሜ እጁን መታው። «ድልድዩን አታፍርሱት። ከሥሩ ክፍል አለ። እዚያ ትቀመጣለች። ልጄ ያኔ መቀመጥ አትችልም ነበር፤ እሷን እያየች ጠበቀች።» ሌላም ልጽፍ ነበር፤ ስለ ጠባሳዋም የምለው ነበረኝ፤ ግን ልጄ «ሁለት ደቂቃ!» ብላ ጮኸች፤ ላክሁት።

ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ተንቀሳቀሰ።

ሠላሳ።

የእኔ ድምፅ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ወንድሜ ግን «የእታለም ናት!» ብሎ ለሚያልፈው ሁሉ ነገረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ገጹ ተዘጋ፤ ድልድዩ እዚያው ሠላሳኛ ላይ ነበር። ግማሽ ፂማሙ ሰውዬ አቅፎ ሲስመኝ ጉንጬ አረፋ ሆነ።

መምረጡ ቢዘጋም ሰው ከልጄ ማስተላለፊያ አልሄደም። በየቤታቸው አሮጌ ማጫወቻ ያላቸው ሁሉ አውጥተው መዝለል ጀምረው ነበር። ይወድቃሉ፤ ይጽፋሉ። «አሥር ጊዜ ወደቅሁ!» «እኔ አሥራ አራት!» ብረት ጣትም ነበረበት። እንደ ልጅ ተናዷል። «መቼ ነው የሚወረወረው? ስንት ሰከንድ ተቆይቶ? ጣቴ እኮ በጣም ፈጣን ነው፣ ችግሩ እሱ ነው!»

ልጄ እያየችኝ ሳቀችና መለሰችለት። «አንተ እዘዝ፤ ጆይስቲኩን ለማይችል ሰው ስጥ። እናትህ አሉ?»

ወንድሜ ምላጩን ፈልጎ አግኝቶ ሁለተኛውን ጉንጭ ጀመረ፤ ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነበር፤ የሰውዬውም እንደዚያው። ከዚያ መልሱ ብቅ አለ፤ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

«እሺ ብላለች። መነጽሯን እየፈለገች ነው።»